ሦስተኛው መስመር

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣሁ። ሻይ ጣድኩ፤ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ አሞቅሁ፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ዜማ የሚፈጥረውን የጆሮ ማዳመጫ፣ ፍሬውን፣ ከመሙያው አንሥቼ ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ፍሬው ሌሊቱን እንዴት እንዳደርኩ ስለሚያውቅ የዕለቱን ዜማ በዝግታ ጀመረ። ዋሽንት የሚመስል ድምፅ ነበረው፤ ከሥሩ ዝናብ ይሰማል። ድሬዳዋ ዝናብ ካየች ሰባት ወር አልፏታል። ዜማው ሻዬን ጠጥቼ እስክጨርስ ቆየና አለቀ። ዳግመኛ አይመጣም። የማንም ዜማ ዳግመኛ አይመጣም።

ከዚያ ሳቢያን ሰፈር ሄጄ ጉድጓድ ለካሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም መሥሪያ ቤቴ በሳምንት አንድ ቀን የከርሰ ምድር ውሃ እንድለካለት ይጠራኛል። ገመዱን አወረድኩ፤ አርባ አንድ ሜትር ከሠላሳ። ካለፈው ሳምንት በአራት ሳንቲሜትር ርቋል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩና አውቶቡስ ያዝኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሠላሳ ያህል ነበርን። ሁሉም በየፍሬው ዜማ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁለት ሰው ግን እኩል አይነቀንቅም። መጋቢት ላይ የጎረቤቴ ልጅ ስታገባ ሁለት መቶ ሰው ያለ አንዳች ሙዚቃ ሲጨፍር አይቻለሁ። የሚሰማው የጫማ ድምፅና ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሙሽራው ትከሻውን በፍጥነት ይሰብቃል፤ ሙሽራዋ በዝግታ። ፎቶው ላይ ግን ያምራሉ።

ከዚራ ሰፈር ወርጄ ወደ ኢፍቱ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ኢፍቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችውን ክፍል ለዘፈን ማኅበራችን ከሰጠችን ዓመታት አልፈዋል። በሩ ላይ አንድ የሐልዋ ቆርቆሮ አለ። የሚገባ ሰው ፍሬውን ከጆሮው አውጥቶ እዚያ ውስጥ ይጥልና ክዳኑን ይገጥማል። ፍሬ የሰማውን ሁሉ ይወስዳል። ማኅበሩ በተቋቋመ ሰሞን አባላቱ የሠሩት የመጀመሪያ ዘፈን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለስልሶ፣ ጠርዙ ሁሉ ተሞርዶ በከተማው ሰው ጆሮ ውስጥ መንቆርቆር ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጠብቋል፤ ሥራው አይቀዳም፤ ወረቀት ላይም አይገለበጥም። የሚኖረው በጌሙ ውስጥ ብቻ ነው።

ጌሙ የእጅ ጌም ነው። መዳፍ ያክላል፤ ግራጫ ነው፤ ስክሪኑ የደፈረሰ ውሃ ይመስላል። ከሰባ ዓመት በፊት ልጆች እንዲጫወቱበት የተሠራ ሲሆን በጅቡቲ በኩል ከአሮጌ ዕቃ ጋር የገባ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ አራት ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ለማኅበሩም አራት አባላት በቁ። የመጀመሪያው መስመር የጋሽ ሚፍታህ ነው፤ ዋናው ዜማ። ጋሽ ሚፍታህ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የባቡር መካኒክ ነበሩ። ሁለተኛው የኢፍቱ ነው። አራተኛው ዜማ የለውም፤ ሹሹ ይላል፤ እሱን እየቆራረጠ ከበሮ የሚያደርገው የጭነት መኪና ነጂው ሮብሌ ነው። ሦስተኛው፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ የባለቤቴ የነቢዩ ነበር።

ጌሙ እያንዳንዳችን ቤት አንድ ሳምንት ያድራል። ባለተራው በራሱ መስመር ላይ አንድ ገጽ፣ ማለትም አሥራ ስድስት የኖታ ረድፍ፣ ይጨምራል። የሰው መስመር አይነካም። በመሣሪያው ላይ ሦስተኛ ይሁን እንጂ ነቢዩ በተራ የመጨረሻው ነበር። አባል ሲሞት ተራው ለቤተሰቡ ያልፋል። ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ ጋሽ ሚፍታህ ጌሙን በፎጣ ጠቅልለው ቤቴ መጡና «ተራው የነቢዩ ነው» አሉኝ። እኔ ሙዚቃ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ በየአራት ሳምንቱ ወሰድኩት፤ አየሁት፤ ምንም ሳልጨምር መለስኩት።

አንድ ሌላ ሕግም አለ። ጌሙ አይጠፋም። ጌሙ ላይ በሚሰካው ካሴት ውስጥ ያለችው ሥራውን የምታስታውስ ትንሽ ባትሪ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ማብሪያው ከተነካ አሥራ አንድ ዓመት የተሠራው ሁሉ ይሄዳል። ጌሙ ሳይጠፋ ባትሪዋን በመበየጃ ካውያ የሚቀይር እጅ የነበረው ነቢዩ ብቻ ነው። ሙቀቱ በረድ ይበልና እቀይራታለሁ ይል ነበር፤ ላብ እንዳይንጠባጠብበት። ስለዚህ ጌሙን ከቤት ወደ ቤት እንደበራ ነው የምንወስደው፤ ኪስ ውስጥ ከሚያዝ ኃይል ማከማቻ ጋር በገመድ ተያይዞ።

ያን ቅዳሜ ሁሉም ቀድመውኝ ገብተዋል። ሮብሌ ጌሙን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ዘፈኑን ከፈተ። ዘፈኑ ሰባት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ይሆናል። መጨረሻው አካባቢ የጋሽ ሚፍታህ ዜማ ተደናቀፈ፤ ከቅኝቱ የወጣ አንድ ኖታ እንደ ጠጠር ጥርስ ውስጥ ገባ። ማንም ቀና አላለም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተደናቀፈ።

«አቦ ጋሼ፣ ጣትዎ ዘንድሮ ምን ነካው?» አለ ሮብሌ።

«ወሪያ! ዝም በል። እኔ ይህን ጌም ስይዝ አባትህ ገና ዳይፐር ላይ ነበር።»

«እሱማ ነው። ያኔ የያዘዎት መንቀጥቀጥ ነው እስካሁን ያለቀቀዎት።»

ኢፍቱ ሳቀች፤ ጋሽ ሚፍታህም ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እንደ ሰው ዕቃ አዩት።

«ቀልዱን ተዉት። አሥር ዓመት ሙሉ አንዲት ኖታ አልሳትኩም ነበር። ዘንድሮ አራት ስቻለሁ፤ ቆጥሬያለሁ። ቁልፎቹ ለኔ ጣት ጠበቡ። የሚቀጥለው ተራ የመጨረሻዬ ይሆናል። መስመሬን የሚረከብ ሰው ፈልጉ።»

«ጋሼ፣ እንዲህ አይባልም» አለች ኢፍቱ።

«ለምን አይባልም? የባቡር ፍሬን እንኳ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይነካውም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሶስና፣ ሐሙስ የነቢዩ ሙት ዓመት ነው አይደል? እንግዳ ይበዛብሻል። ይህን ሳምንት ጌሙ እኔ ጋ ይሰንብት፤ ተራሽን በሚቀጥለው ትወስጃለሽ።»

«ግድ የለም፣ እወስደዋለሁ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። አንድ ነገር አስገርሞኝ ነበር። ላለፈው አንድ ዓመት ከሦስተኛው መስመር በቀር ሁሉም አድገዋል፤ ስለዚህ የዘፈኑ የመጨረሻ አርባ ሴኮንድ ወፍራም ድምፅ የለውም። ጋሽ ሚፍታህ የሳቱት አራቱም ኖታ እነዚህ አርባ ሴኮንዶች ውስጥ ነው ያለው። የአንድ ሰው እጅ ልክ አንድ ሌላ ሰው በሞተበት ሳምንት መሳት ሊጀምር ይችላል። ግን ጉድጓድ ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሲለወጥ ገመዱን ደግሜ አወርዳለሁ።

እሑድ ጠዋት ፍሬዬን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ ጌሙን ከሶኬት ጋር አገናኘሁና መኝታ ቤት ተቀመጥኩ። የዘፈኑ ስክሪን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፤ የጉድጓድ መዝገብ ይመስላል። የጋሽ ሚፍታህ ዜማ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ደጋግሞ ወደ አንድ ሐረግ ይመለሳል። ያን ሐረግ ፈልጌ እየደረደርኩ አወዳደርኩት። በመጀመሪያው ዓመት ስድስት ጊዜ ይመጣል። አምስቱ አንድ ናቸው። ስድስተኛው ላይ አንድ ኖታ በአንድ ደረጃ ከፍ ብላለች።

ስሕተት ናት። ግን ስከፍተው ስሕተት ሆና አልተሰማችኝም። እንዲያውም የዘፈኑ ደስ የሚል ቦታ ነው፤ አንድ ሰው ደረጃ ሲወርድ ቆም ብሎ ወደ ኋላው እንደ ማየት ያለ።

ሦስተኛውን መስመር አየሁ። በዚያው ረድፍ ላይ የነቢዩ ኖታ ከቦታዋ ተነሥታ ወደ ስሕተቷ ተጠግታለች። ከጎኗ ደግሞ ድምፁን በጥቂት ዝቅ የሚያደርግ ቁጥር አለ። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጅ ቅኝት ነው፤ የባቲ ቅኝት ለማድረግ እየጎተቱ መሞረድ እንደሚያስፈልግ ነቢዩ አንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። እዚህ ቦታ ላይ ግን ጉተታው ለባቲ አልነበረም። ለጋሽ ሚፍታህ ነበር። እሳቸው ስተው የገቡበት ቦታ አስቀድሞ የታሰበ እንዲመስል ከሥሩ ወለል ተነጥፎለታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ አጋጣሚ ነው። እስከ ማክሰኞ ማታ ድረስ ሠላሳ አንድ አገኘሁ። ጋሽ ሚፍታህ በአሥር ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ስተዋል፤ ነቢዩ ሠላሳ አንድ ጊዜ መስመሩን ወደሳቱበት ወስዷል። አንዳንዱ ላይ ለዚህ ሲል የራሱን ቆንጆ ሐረግ አፍርሷል። የረድፎቹን ቁጥር በጉድጓድ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ኖታዎቹን አልገለበጥኩም፤ አይገለበጥም። የሦስተኛውን መስመር ኖታዎች ግን ቆጠርኳቸው። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት ናቸው።

ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረናል።

ረቡዕ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ቅዳሜ ሲደርስ ጌሙን ጋሽ ሚፍታህ ፊት አስቀምጬ ሠላሳ አንዱን ቦታ አንድ በአንድ ከፍቼ አሰማቸዋለሁ። መጀመሪያ ሦስተኛውን መስመር ዘግቼ፤ ከዚያ ከፍቼ። እጃቸው ዘንድሮ እንዳልጀመረው በጆሯቸው ይሰሙታል። ተራቸውንም አይለቁም። እኔም ባዶዎቹን አርባ ሴኮንዶች እንዴት እንደምሞላ አሁን ዐውቄያለሁ፤ አራቱ ስሕተቶች ሥር አራት ኖታ ማስቀመጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምጨምረው ነገር ነበረኝ።

ሐሙስ ጠዋት ከጭሮ የነቢዩ ታላቅ እህት ብሩክታዊት በመጀመሪያው ባቡር ገባች። ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ጸሎቱ ሲያልቅ እኔ ከእድሩ ወንበር ለማስመጣት ቀረሁ፤ እሷ ቁልፉን ተቀብላኝ እንግዳ ለመቀበል ወደ ቤት ቀደመች። ጌሙ መኝታ ቤት መደርደሪያው ላይ ነበር፤ በዝቅተኛ ድምፅ እየዘፈነ። ከመውጣቴ በፊት ዘፈኑን ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩትም።

ስመለስ ሳሎኑ ተጠርጓል፤ ብርጭቆዎቹ ተደርድረዋል። ብሩክታዊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ፍሬዋንም ከጆሮዋ አውጥታለች። የጭሮ ሰዎች በሙት ዓመት ቀን ያወጡታል።

«ሶስዬ» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «መኝታ ቤት ዘፈን ተከፍቶ ነበር። ሰው ሳይገባ ዘጋሁልሽ።»

«የቱን?»

«ያቺን ጌም ነዋ። የወንድሜ እንደሆነች ዐውቄያታለሁ፤ ከእጁ አትለይም ነበር እኮ። ግን ዛሬ ቀኑ አይደለም። ሰው ምን ይለናል? አቧራዋን ጠርጌ ፎቶው ሥር አስቀመጥኳት። ገመዱንም ነቀልኩት፤ ሰው እንዳይጠልፍ።»

ወደ ፎቶው አየሁ። ጌሙ በነጭ መሀረብ ላይ ተቀምጧል። በጥንቃቄ ነበር ያስቀመጠችው፤ ስክሪኑ ወደ ሰው ዞሮ።

«አጠፋሁ እንዴ?» አለች ፊቴን አይታ።

«የለም፣ እትዬ። ደግ አደረግሽ። እግዜር ይስጥልኝ።»

በር ተንኳኳ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ጎረቤቶቼ ነበሩ። «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ፤ «አሜን» አልኩ። ወንበር ሰጠኋቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ሲገባና ሲወጣ ዋለ። ዳቦው አልቆ ሁለት ጊዜ አስመጣን። ሰው ቀለል ሲል ጌሙን ይዤ ጓዳ ገባሁና አበራሁት። አራቱም መስመሮች ነበሩ። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ ግን የባዶ ምልክቱ፣ ሰረዝ ብቻ ነበር።

ብሩክታዊትን ዓርብ ባቡር ጣቢያ ሸኘኋት። በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ «ብቻሽን አትዋይ» አለችኝ። «እሺ» አልኩ።

ቅዳሜ ጌሙን እንደጠፋ በፎጣ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ኢፍቱ ገና ከበር የኃይል ገመዱን ፈለገች፤ ስታጣው ፊቷ ተለወጠ።

«ቤቴ ውስጥ ጠፋ» አልኩ። «ሐሙስ ዕለት።»

ሮብሌ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጠፋ ማለት? ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አቦ! አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው! ማነው የነካው?»

«ቤቴ ነው የጠፋው» አልኩ ደግሜ።

«ተቀመጥ» አሉት ጋሽ ሚፍታህ። «የሙት ዓመት ቤት ነበር። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ተቀመጥ።»

ከፊት ለፊቱ ክፍል አንዲት ደንበኛ የሳል ሽሮፕ ስትጠይቅ ተሰማ፤ ኢፍቱ ወጥታ ሸጠችላትና ተመለሰች።

«እንግዲህ ባዶ ከሆነ» አለች ስትቀመጥ፣ «አሁን መክፈት እንችላለን። የሚፈራለት ነገር የለም። ባትሪዋን ቀይሯት።»

ሮብሌ ካሴቱን ከፈተ። ካውያው እስኪግል ጠበቀ። አሮጌዋን ባትሪ አውጥቶ አዲሷን ለመግጠም ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

ከዚያ ኢፍቱ ዓይኗን ጨፍና ማንጎራጎር ጀመረች፤ እያንጎራጎረች ቁልፎቹን ተጫነች። ሲጠፋባት ወደ ኋላ ተመልሳ ትጀምራለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከመስመሯ ሲሶውን መልሳለች። ሮብሌ የራሱን ከበሮ ፈጥኖ ጻፈው፤ «ድሮም ላሻሽለው ፈልጌ ነበር» አለ። ቀልድ ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ሚፍታህ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ።

«ይቅር በሉኝ። ሕግ ጥሻለሁ። ባትሪዋ ከሞተች ጀምሮ ፈርቼ ነበር። የድሮውንም ቁጭ ብዬ ከጭንቅላቴ ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ያለውንም ጌሙ ላይ ከመጫኔ በፊት እዚህ እጽፋለሁ። ሁሉም አለ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ጽሑፋቸው የቴክኒክ ሰው ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በራሱ ሣጥን ውስጥ። በደብተሬ የያዝኩትን የመጀመሪያውን የረድፍ ቁጥር ፈለግሁ። ስድስተኛው ሐረግ እዚያ አለ፤ ከአምስቱ ጋር አንድ ነው። ሁለተኛውን ቁጥር አየሁ። ሦስተኛውን። ወረቀቱ ላይ ያለው ሊጫኑ ያሰቡት ነበር።

«ጋሼ፣ የምነግርዎት ነገር አለ» አልኩ። ደብተሬን ከፈትኩላቸው። «ዘንድሮ አልጀመረም። ከመጀመሪያውም ይስቱ ነበር። ሠላሳ አንድ ቦታ ላይ። ነቢዩ የራሱን መስመር እየጎተተ ሥሩ ስለሚያስቀምጥልዎ አልተሰማንም እንጂ።»

መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሮቹን አነበቡ። እስከ ታች ድረስ ወረዱ።

«ይሄ ቁጥር ነው፣ ልጄ።»

«ዛሬ ላሰማዎት ነበር።»

«ዐውቃለሁ።» ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ፤ ትከሻዬን ነካ አደረጉ። «ሽማግሌ ማጽናናት ታውቂበታለሽ። እግዜር ይባርክሽ።»

«ማጽናናቴ አይደለም።»

«እሺ፣ ይሁን። አይደለም።»

ወረቀታቸውን አስተካክለው ጌሙን ወደ ሮብሌ ገፉለት። «ና፣ እኔ ላንብብልህ፤ አንተ ተጫን። ቀስ ብለህ።»

ሮብሌ ተጫነ። ጎበዝ ጣት አለው። ሦስት ቅዳሜ ፈጀባቸው፤ አንድም ኖታ አልሳተም። ጋሽ ሚፍታህ እያነበቡ በአንደኛው እጃቸው ጠረጴዛውን ይመታሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ወረቀቶቹን አጥፈው ለሮብሌ ሰጡትና «ከእንግዲህ የመጀመሪያውም መስመር ያንተ ነው» አሉት። እሱም ሁለት መስመር ያዘ።

ኢፍቱ ሦስተኛውን እንድሞላ ጠየቀችኝ። ሞክሬያለሁ። አንድ እሑድ ሙሉ ከጌሙ ጋር ተቀምጬ የማስታውሰውን ኖታ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ጥቂቶቹን ዐውቃቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ግን የማውቃቸው ስሕተቶቹ ሥር የነበሩትን ነው። አሁን ከበላያቸው ያለው ዜማ ትክክል ስለሆነ፣ የነቢዩ ኖታዎች ሲገቡበት ስሕተት ሆነው የሚሰሙት እነሱ ናቸው። አጠፋኋቸው።

ዘፈኑን በየቅዳሜው እንሰማዋለን። ሦስት መስመር አለው፤ ንጹሕ ነው፤ ባትሪዋም ትሠራለች። አሁን በጌሙ ውስጥ የሌሉት የሦስተኛው መስመር አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት ኖታዎችና የጋሽ ሚፍታህ ሠላሳ አምስት ስሕተቶች ናቸው።